ቀብድ ያልተከፈለበት ወሬ
«ቁጥር ሁለት ሊመጣ ነው» የሚለው ዜና በገበያ ስንት ያወጣል?

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይላሉ አበው። የገበያ ሰው ይህን ተረት የሚያውቀው ከኪሱ ነው። አንድ ደላላ በማለዳ ዓለም ከተማ ገበያ ገብቶ ጤፍ ሊወደድ መሆኑን ከውስጥ ሰዎች ሰማሁ ቢል፣ ነባሩ እህል ነጋዴ ወዲያው የገንዘቡን ቋጠሮ አይፈታም። አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ከማን ሰማህ? የነገረህ ሰው ብናምነው ምን ይጠቀማል? አንተስ ራስህ ስንት ኩንታል ገዛህ? ደላላው ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ ወሬው እዚያው ላይ ረከሰ ማለት ነው። ቀብድ ያልተከፈለበት ወሬ ነዋ!

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለጤፍና ለማሽላ ብቻ የተፈጠሩ አይደሉም። ዋጋው በወሬ ለሚወጣና ለሚወርድ ሸቀጥ ሁሉ ይሠራሉ። ከእነዚህም ሸቀጦች አንዱ ገና ያልተሠራ ፊልም ነው። አንድ ፊልም ተወዶ ገንዘብ ባስገኘ ማግስት «ክፍል ሁለት ሊመጣ ነው» የሚል ወሬ ይናፈሳል። ወሬው ዘወትር የሚመጣው ስማቸው እንዲገለጽ ካልፈለጉ «ውስጥ አዋቂ ምንጮች» ነው። ከዚያም ተመልካቹ ይጠብቃል፣ ሲኒማ ቤቱ ሳምንታት ይይዛል፣ ተዋናዩ ዋጋውን ይጨምራል፣ ቲሸርትና ፖስተር አሳታሚው ወረቀትና ጨርቅ ይገዛል። ወሬው እውነት ከሆነ ቀድሞ የገባው አተረፈ። ውሸት ከሆነ ግን ኪሳራው በወሬኛው ላይ አይወድቅም። የሚወድቀው ባመነው ላይ ነው።

ቪዲዮ ቤቶች በየወረዳው ከተማ በተስፋፉበት ዘመን «ራምቦ»ና «ኮማንዶ» የሚሉት ስሞች ለልጅ ለአዋቂው የታወቁ ነበሩ። «ራምቦ» እ.ኤ.አ. በ1982 ጀምሮ በ1985ና በ1988 ተከታዮቹን አስከትሏል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም በ2008ና በ2019 ተመልሷል። በ1985 የወጣው «ኮማንዶ» ግን እስከ ዛሬ ክፍል ሁለት የለውም። እንግዲህ በዚያ ዘመን ስለ ሁለቱም እኩል ቢወራ፣ ጥቂት ገንዘብ ያለው የቪዲዮ ቤት ባለቤት የትኛውን ማመን ነበረበት? «ኮማንዶ ቁጥር ሁለት» ብሎ ቀብድ የተቀበለ ነጋዴ ቢኖር የሸጠው ያልተወለደ በሬ ነው። ጉዳዩ ተራ የፊልም ወሬ ቢመስልም በመሠረቱ የገበያ መረጃ ጥያቄ መሆኑን የሚያሳየው ይኸው ነው።

ዓለም ከተማና አራተኛው ፊልም

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶና ተሻግሮ ዓለም ከተማ ለሚደርስ እንግዳ፣ ስለ ተከታይ ፊልም ለመነጋገር ቦታው የማይመች ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህች የመርሐ ቤቴ ከተማ በፊልም ታሪክ ውስጥ ከታወቁት የተከታይ ፊልም ወሬዎች ከአንደኛው ጋር በሰው በኩል ትዛመዳለች። ሰውየው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን የተራድኦ ድርጅት የመሠረቱት ካርል ሃይንዝ ቦም ናቸው። ድርጅቱ መርሐ ቤቴን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ከፕሮጀክት ቦታዎቹ አንዷ አድርጎ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። ከተማይቱም ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጀርመን ባቫሪያ ከምትገኘው ከፋተርሽቴተን ጋር የእህትማማችነት ግንኙነት አላት።

ካርል ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት የታወቁ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣው «ሲሲ» በተባለው ፊልም የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆነው ሲጫወቱ፣ ንግሥቲቱን የሆነችው ወጣቷ ሮሚ ሽናይደር ነበረች። አዘጋጁ ኤርንስት ማሪሽካ ይባላል። ፊልሙ በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች እጅግ ከመወደዱ የተነሣ በ1956 ሁለተኛው፣ በ1957 ሦስተኛው ተከተለ። ሦስት ፊልም በተከታታይ ሦስት ዓመት!

እንግዲህ አንባቢ ራሱን በ1957 መጨረሻ በቪየና ከተማ እንደሚገኝ ሲኒማ ቤት ባለቤት ያስብ። «አራተኛው ሲሲ ሊሠራ ነው» የሚል ወሬ ይደርሰዋል። ለማመን ያላሰለሰ ምክንያት አለው። ሦስቱም አትርፈዋል። አዘጋጁ አለ፣ ተዋናዮቹ በሕይወት አሉ፣ ለመሥራት የሚፈልግ ባለገንዘብም አለ። አራተኛው በእርግጥም ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ የ19 ዓመቷ ሮሚ ሽናይደር በንግሥቲቱ ልብስ ታስራ መቅረት ስላልፈለገች አሻፈረኝ አለች። ብዙም ሳይቆይ ወደ ፈረንሳይ ተሻግራ ሌላ ዓይነት የትወና ሕይወት ጀመረች። አራተኛው ፊልም በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ የተገኘው ነገር ቢኖር ሦስቱን ፊልሞች ቆራርጦና ቀጥሎ በ1962 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበ አንድ ፊልም ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ አንድ ወሬ ፈላጊ ንጉሠ ነገሥቱን የሚጫወቱትን ካርልን ራሳቸውን አግኝቶ ቢጠይቅ እንኳ እርግጡን ባላገኘ ነበር። ከእርሳቸው የበለጠ ውስጥ አዋቂ ከየት ይመጣል? ሆኖም የፊልሙ ዕጣ የነበረው በእርሳቸው እጅ አልነበረም። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት እንዲህ ነው፦ ወሬውን ያመጣው ሰው ለጉዳዩ ምን ያህል ቅርብ ነው ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «እምቢ» ቢል ጉዳዩን የሚያፈርሰው ሰው ማን ነው? እርሱስ ፈርሟል ወይ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቦታው የነበረም ይሳሳታል

«በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» የሚል ምስክር በፍርድ ቤት ክብደት አለው። በፊልም ሥራ ግን በቦታው ነበርኩ የሚለው ሰው ሳይዋሽ ሊያሳስት ይችላል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የ«ስታር ዋርስ» ተከታይ ነው። በዚያ ፊልም ጥቁር ለባሹ ዳርት ቬደር ለወጣቱ ጀግና አባቱ መሆኑን ይገልጽለታል። ይህ ምሥጢር እንዳይወጣ ሲባል በቀረጻው ቦታ የቬደርን ልብስ ለብሶ ለሚጫወተው ተዋናይ የተሰጠው ቃል ሌላ ነበር፤ የጀግናውን አባት የገደለው ሌላ ሰው ነው የሚል። ትክክለኛው ቃል በኋላ በሌላ ሰው ድምፅ ተቀድቶ ገባ። ጀግናውን የሚጫወተው ማርክ ሐሚል እንኳ እውነቱ የተነገረው ቀረጻው ሲቃረብ ነው።

በዚያን ዕለት በስቱዲዮው ውስጥ ከነበሩት ባለሙያዎች አንዱ ወጥቶ የሰማውን ቢያወራ፣ በቅን ልቦና የተናገረው ሐሰት በሆነ ነበር። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው የወሬኛውን ታማኝነትና የወሬውን እውነትነት ለየብቻ ይመዝናል። ሐቀኛ ሰው የተሳሳተ ወሬ ሊያመጣ ይችላል። ሁሉም ሰው የሚያየው ከቆመበት ቦታ ነው፤ መብራት የሚይዘው ስለ መብራቱ፣ ልብስ ሰፊው ስለ ልብሱ ያውቃል። ልብስ ሰፊው ስለ ታሪኩ መጨረሻ ሲያወራ የሌላ ሰው ወሬ እያስተላለፈ ነው ማለት ነው።

መብቱ የማን ነው?

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። መሬት ሊሸጥ ነው ሲባል «ካርታው በማን ስም ነው?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ተከታይ ፊልም ሊሠራ ነው ሲባልም የመጀመሪያው ፊልም መብት በማን እጅ እንዳለ ማጣራት ይገባል።

ከላይ የተነሣው «ኮማንዶ» ጥሩ ምሳሌ ነው። ለብዙ ዓመታት ሲወራ የኖረ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውና ብሩስ ዊሊስን ያስተዋወቀው «ዳይ ሃርድ» በመጀመሪያ «ኮማንዶ ቁጥር ሁለት» ሆኖ የታሰበ ነበር ይባላል። ወሬው ለማመን ይጥማል፤ የሁለቱንም ፊልም ጽሑፍ በመሥራት የተሳተፈው ጸሐፊ ስቲቨን ደ ሱዛ አንድ ሰው ነውና። ሆኖም እርሱ ራሱ አስተባብሎታል። ከማስተባበያው ይልቅ የሚያሳምነው ግን ወረቀቱ ነው። «ዳይ ሃርድ» የተወሰደው ሮድሪክ ቶርፕ በ1979 ካሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ያም መጽሐፍ ደራሲው በ1966 ያወጣው የሌላ ልብ ወለድ ተከታይ ነው። የ1966ቱ መጽሐፍ በ1968 ፊልም ሲሆን ዋናውን ሚና የተጫወተው ፍራንክ ሲናትራ ነበር። ከዚህም የተነሣ ስቱዲዮው በውል ግዴታው መሠረት ሚናውን አስቀድሞ ለሲናትራ ማቅረብ ነበረበት፤ ሲናትራም በዕድሜው ምክንያት አልተቀበለውም። ውሉ የሚያሳየው ፊልሙ የማን ተከታይ እንደሆነ ነው። ወሬው ወደ «ኮማንዶ» ሲጠቁም፣ ወረቀቱ የጠቆመው ወደ ሲናትራ ነበር።

ማስተባበያም ቢሆን ከባለቤትነት ጋር ተያይዞ ካልታየ ያሳስታል። የ«ስታር ዋርስ» ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ ከስድስተኛው ፊልም በኋላ ሌላ እንደማይሠራ ለዓመታት ደጋግሞ ተናግሯል። የባለቤቱ ቃል ስለሆነም ሰባተኛው ይመጣል የሚሉ ወሬኞች ውሸታም ተባሉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 2012 ግን የዲዝኒ ኩባንያ የሉካስን ድርጅት በ4.05 ቢሊዮን ዶላር መግዛቱንና ሰባተኛው ፊልም በ2015 እንደሚወጣ በአንድ ቀን አስታወቀ። በተባለውም ዓመት ወጥቶ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ይህን ያህል ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ኩባንያ ላሟን ሳያልብ እንደማይቀመጥ ማንም ይገምታል። ባለቤት ሲለወጥ የትናንቱ «የለም» ዋጋ ያጣል።

ጽሑፍ አለ ማለት ፊልም አለ ማለት አይደለም

ከወሬዎች ሁሉ አደገኛው ግማሹ እውነት የሆነው ነው። «ጽሑፉ አልቋል፣ ያነበበ ሰው አውቃለሁ» ይባላል። እውነት ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን በሆሊውድ ተጽፎ ተከፍሎበት መደርደሪያ ላይ የቀረ ጽሑፍ ብዙ ነው።

«ግላዲያተር» እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣ በኋላ የተናፈሰው ወሬ ይህንኑ ያሳያል። ዋናው ጀግና ማክሲመስ በፊልሙ መጨረሻ ይሞታል። ታዲያ የሞተ ጀግና እንዴት ይመለሳል? አውስትራሊያዊው ሙዚቀኛ ኒክ ኬቭ በተዋናዩ በራስል ክሮው ጠያቂነት ጀግናው ከሙታን ዓለም የሚመለስበት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር። ሰሚዎች የፈጠራ ወሬ ቢመስላቸውም ጽሑፉ እውነት ነበር፤ ሐሰት የሆነው «ሊሠራ ነው» የሚለው ነው። ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። «ግላዲያተር ሁለት» ለሲኒማ የበቃው ከ24 ዓመት በኋላ በ2024 ሲሆን፣ በሌላ ታሪክና በሌላ ተዋናይ ነው። እንደዚሁም ስቲቨን ስፒልበርግና ጸሐፊዋ ሜሊሳ ማቲሰን «ኢ.ቲ.» በ1982 በወጣበት ዓመት ለተከታዩ አጭር የታሪክ ንድፍ አዘጋጅተው ነበር። ተመልካቹ ዓለሙን ሁሉ ቢያካልል አያገኘውም፤ ስፒልበርግ ሐሳቡን ትቶታልና።

ከዚህ በተቃራኒ እውነተኛ ገንዘብ የወጣበት ሥራ ብዙ ጊዜ ዝምታን ይመርጣል። የ1983ቱ የ«ስታር ዋርስ» ፊልም በሚቀረጽበት ጊዜ በአሜሪካ የነበረው የቀረጻ ቡድን «ሰማያዊ አዝመራ» የሚል የሐሰት ስም ለጥፎ የማስፈራሪያ ፊልም እንደሚሠራ አስመሰለ። ምክንያቱ ከአድናቂዎች መሸሽ ብቻ አልነበረም። ዕቃ አቅራቢዎችና አከራዮች ትክክለኛውን ስም ከሰሙ ዋጋ ይቆልላሉ ተብሎ ስለተፈራም ነው። ባለመኪና ተጓዡ መቸኮሉን ሲያውቅ ሒሳብ እንደሚጨምር ማለት ነው። እንግዲህ በገበያ ዓይን ሲታይ፣ የሚጮኸው ገንዘብ ፈላጊው ነው፤ ገንዘቡን ያፈሰሰው ድምፁን ያጠፋል።

ቀን ሲቆረጥለት

ወሬው ከባለቤቱ አፍ ወጥቶ ቀን ሲቆረጥለትስ? ያን ጊዜ ወሬነቱ ቀርቶ ዜና ይሆናል። ነገር ግን ዜናም ይዘገያል። «አቫታር» በ2009 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ ከፍተኛውን ገቢ ካስገኘ በኋላ፣ ሁለት ተከታዮች በ2014ና በ2015 ዲሴምበር እንደሚወጡ በ2010 በይፋ ተገለጸ። ባለቤቱ የታወቀ፣ አዘጋጁ ጄምስ ካሜሮን ራሱ ያለበት፣ ገንዘብም ያልቸገረው ሥራ ነበር። ሆኖም ሁለተኛው ፊልም ተመልካች ፊት የቀረበው በዲሴምበር 2022 ነው፤ ስምንት ዓመት ዘግይቶ። ፊልሙ ቀረ አልተባለም፤ ወሬውም ሐሰት አልነበረም። በ2014 ይመጣል ብሎ ዕቃ ያከማቸ ነጋዴ ግን የከሰረው እውነተኛ ወሬ ይዞ ነው። በገበያ ቋንቋ፣ ጊዜው ያልታወቀ እውነት ከግማሽ ዋጋው በላይ አያወጣም።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ማሳያ ቤት ያለው ሰው ለክፍል ሁለት 10,000 ብር ቀብድ ክፈል ተባለ እንበል። ፊልሙ ከመጣ 30,000 ብር ያስገባል። ከመሰል ወሬዎች እውነት የሚሆነው ከአምስት አንዱ ከሆነ፣ የሚጠበቀው ገቢ የ30,000 አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 6,000 ብር ነው። 10,000 ከፍሎ በአማካይ 6,000 የሚያገኝ ሰው በየወሬው 4,000 ብር ይጥላል። ቀብዱ እንዲያዋጣ ወሬው ቢያንስ ከሦስት አንዴ እውነት መሆን አለበት። በዚህ ላይ ገንዘቡ ታስሮ የሚቆይበት ዓመትና የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ ስሌቱ ይበልጥ ይከፋል። ብዙው ሰው ግን የሚያየው 30,000ውን ብቻ ነው።

ሽንኩርትና ፊልም በአንድ ሕግ

የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ለዚህ ችግር ስም አውጥተውለታል። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ አንሥቶ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ካላወቀ መጥፎው መኪና ጥሩውን ከገበያ እንደሚያስወጣ አሳየ። ማይክል ስፔንስ ደግሞ መድኃኒቱን አመለከተ፦ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው መጥፎ ዕቃ ያለው ሊያወጣው የማይደፍረውን ወጪ በማውጣት ራሱን ይለያል። ሁለቱ ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በ2001 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። የዓለም ከተማው እህል ነጋዴ «አንተስ ስንት ኩንታል ገዛህ?» ሲል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ወሬውን ራሱን በገበያ ማስመዘን አይቻልም ወይ? ተሞክሯል። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ «የሆሊውድ አክሲዮን ገበያ» የተባለ ጨዋታ ተከፈተ። ተጫዋቾች በእውነተኛ ገንዘብ ሳይሆን በጨዋታ ብር ገና ባልወጡ ፊልሞች ላይ አክሲዮን ይገዛሉ ይሸጣሉ። ወሬው ሲያይል ዋጋው ይወጣል፤ ሲረክስ ይወርዳል። በኋላ ይህን በእውነተኛ ገንዘብ ለማድረግ ጥያቄ ቀርቦ በ2010 የመንግሥት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቀደ። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ግን ውስጥ አዋቂዎች በወሬ ገበያውን ያምሱታል ብለው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት በጁላይ የወጣው የፋይናንስ ሕግ በፊልም ገቢ ላይ የሚደረገውን የወደፊት ግብይት ከለከለ።

አስገራሚው ነገር ክልከላው የተጨመረበት ሕግ ነው። በአሜሪካ የወደፊት ግብይት ቀድሞ የተከለከለበት ሸቀጥ ሽንኩርት ሲሆን፣ ሕጉ የወጣው በ1958 ነበር። ሁለት ነጋዴዎች የቺካጎን ሽንኩርት ከሞላ ጎደል ጠቅልለው ይዘው ገበያውን ስላናጉት፣ በኦገስት 1955 ወደ 2.75 ዶላር ይሸጥ የነበረው 23 ኪሎ ገደማ የሚይዝ ከረጢት በማርች 1956 ወደ 10 ሳንቲም ወረደ። ባዶው ከረጢት ከነሽንኩርቱ የሚበልጥ ዋጋ ነበረው። ስለዚህ ዛሬ በአሜሪካ ሕግ ሽንኩርትና የፊልም ገቢ በአንድ ተርታ ተሰልፈዋል። ሁለቱንም በእጃቸው የያዙ ጥቂት ሰዎች ወሬውንም ዋጋውንም መሥራት ይችላሉና።

በአገር ቤትስ?

በኢትዮጵያም ክፍል ሁለት እንግዳ ነገር አይደለም። የቴዎድሮስ ተሾመ «ሦስት ማዕዘን» እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣ በኋላ ተከታዩ ተሠርቷል። በቴሌቪዥንም «ገመና» ቁጥር ሁለት ተከትሎታል። በመሆኑም «ቁጥር ሁለት ሊመጣ ነው» ሲባል ወሬው ከመሬት የራቀ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። መጠየቅ የሚገባውን መጠየቅ ግን ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብትን ለመብቱ ባለቤት ይሰጣል። ደራሲው አንድ፣ ፕሮዲዩሰሩ ሌላ፣ ገንዘብ አውጪው ሦስተኛ ሰው በሚሆንበት ሥራ፣ ውሉ ስለ ተከታዩ ምን እንደሚል ሳይታወቅ የሚነገር «ሊመጣ ነው» በአየር ላይ የተሠራ ቤት ነው።

የአገር ቤት ገበያ በወሬ የተፈተነበት ሌላም ጊዜ አለ። «ብር ሊለወጥ ነው» የሚለው ወሬ ስንት ጊዜ ተወርቶ ስንት ጊዜ ቀረ? መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች እንደሚለወጡና የ200 ብር ኖት እንደሚጨመር ይፋ ሆነ። ያን ጊዜ ቀድሞ ያወራ ሁሉ «ብዬ ነበር» አለ። የቆመ ሰዓት እንኳ በቀን ሁለት ጊዜ ልክ ይሆናል። የወሬኛን ብቃት ለመመዘን የደረሰለትን አንዱን ሳይሆን ያልደረሰለትንም ሁሉ መቁጠር ያስፈልጋል። መዝገብ ያልያዘ ሰው ዘወትር በወሬኛ ይረታል።

እንደ ቡና በደረጃ

ቡና በደረጃ እንደሚመደብ ሁሉ፣ ከላይ ከታዩት ምሳሌዎች በመነሣት ወሬውንም በአራት ደረጃ መመደብ ይቻላል።

ደረጃ አንድ፦ ባለመብቱ በስሙ የተናገረው፣ ዋና ዋናዎቹ ሰዎች የፈረሙበት፣ ቀረጻው የተጀመረ። ይህ ቀብድ ይከፈልበታል፤ ቀኑ ግን እንደሚገፋ ታስቦ።

ደረጃ ሁለት፦ መብቱ በአንድ እጅ ያለ፣ ጸሐፊ የተቀጠረበት፣ ነገር ግን «እምቢ» ማለት የሚችለው ሰው ገና ያልፈረመበት። አራተኛው «ሲሲ» እዚህ ላይ ነበር። ጆሮ ይሰጠዋል እንጂ ገንዘብ አይሰጠውም።

ደረጃ ሦስት፦ ጽሑፍ ወይም ሐሳብ እንዳለ የሚነገርለት። የኒክ ኬቭ «ግላዲያተር» እዚህ ይመደባል። እውነት ቢሆንም ፊልም አይደለም።

ደረጃ አራት፦ ምንጩ «ውስጥ አዋቂ» ብቻ የሆነ፣ ቀን፣ ፊርማና ወጪ የሌለው። ይህ ለቡና ማጣጫ ይሆናል።

አንድ ወሬ በአሥር ሰው አፍ ቢደገም ደረጃው ከፍ አይልም። አሥሩም የሰሙት ከአንድ ሰው ከሆነ ምስክሩ አንድ ነው። እህል ነጋዴው ይህንንም ያውቃል፤ አምስት ደላሎች ተመሳሳይ ዋጋ ሲነግሩት አምስቱም ጠዋት ቁርስ የበሉት አብረው እንደሆነ ይጠረጥራል።

ዋጋ የተከፈለበት ቃል

አራተኛው «ሲሲ» ከቀረ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱን የተጫወቱት ካርል በሌላ መድረክ ታዩ። እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1981፣ ማለትም ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ሁሉ በሚታይ የውርርድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀረቡ። ከተመልካቹ ሦስት ሰው አንዱ እንኳ በድርቅ ለሚሰቃየው የአፍሪካ ሕዝብ አንድ ማርክ ወይም ተመጣጣኙን አይሰጥም ብለው ተወራረዱ። የተሰበሰበው ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ቢሆንም ከተመልካቹ ብዛት አንጻር የተባለው ላይ ስላልደረሰ ውርርዱን ረቱ። ጉዳዩ በዚያ ሊያልቅ ይችል ነበር። እርሳቸው ግን በዚያው ዓመት ገንዘቡን ይዘው ራሳቸው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በኖቬምበርም «ሰዎች ለሰዎች»ን መሠረቱ። ሥራው በሐረርጌ ኤረር ሸለቆ ተጀምሮ ከዓመታት በኋላ መርሐ ቤቴ ደረሰ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የክብር ኢትዮጵያዊ ዜግነት ተሰጣቸው፤ በሜይ 2014 አረፉ።

በ1973 ዓ.ም. «አንድ የፊልም ተዋናይ ገንዘብ ይዞ ሊመጣ ነው» የሚል ወሬ ጀማን ተሻግሮ ዓለም ከተማ ደርሶ ቢሆን ማን ባመነ ነበር? የፊልም ሰው ቃል ነዋ። ያ ቃል ግን በስም የተነገረ፣ በሕዝብ ፊት የተያዘና ተናጋሪው ራሱ ሻንጣውን ጠቅልሎ የተነሣበት ነበር። ከተከታይ ፊልም ወሬዎች መካከልም እውነቱን የሚለየው ይኸው ነው። ወሬኛው ለተናገረው ነገር ከራሱ ያወጣው ምንድን ነው? ምንም ካላወጣ፣ ሰሚውም ለጊዜው ጆሮውን ቢያውሰው ይበቃዋል፤ ኪሱን ግን ቀብዱ እስኪታይ ድረስ ይቋጥር።